ልጅቱ ያመጣችው ድንጋይ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ትምህርት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ፊደልን፣ ንባብንና ሥነ ምግባርን ነው። ዛሬ ግን ወላጆች ለአስተማሪው ብቻ ስለሚተዉት ስለ አንድ ትምህርት ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ፤ እርሱም የመልክዐ ምድር ትምህርት ነው። ለዚህ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን ወደ ትውልድ አገሬ ወደ መንዝ ወጥቼ ሳለሁ በታላቅ ወንድሜ ቤት ያጋጠመኝ ነገር ነው።

ወንድሜ ከመሐል ሜዳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር የሚኖር ገብስ አራሽ ነው። ከልጆቹ አንዲቱ ያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ የመርሐቤቴ ተወላጅ ስለ ሆነች፣ ልጅቱ አያቷን ልትጠይቅ ወደ ዓለም ከተማ ወገን ወርዳ በነበረ ጊዜ ከጀማ ሸለቆ አንድ ድንጋይ አንሥታ መጥታለች። በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልኝ። ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ ነው፤ በአንደኛው ገጹ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ሽንትር ሽንትር ያለው ቅርፊት ተጣብቆበታል።

«አጎቴ፣ ይህን ሰው የቀረጸው ነው ወይስ እንዲሁ የበቀለ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አስተማሪዋን ጠይቃ እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ «ጠይቄ ነበር፤ ፈተና ላይ አይመጣም አሉኝ» አለች።

እኔም ቀድሞ አስተማሪ ስለ ነበርሁ መልሱ አሳፈረኝ። ይህን የመሰለውን መልስ እኔ ራሴ ለስንቱ ልጅ ሰጥቼ እንደ ነበር ማን ያውቃል? ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ተማሪ ቤት አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «ሸለቆ ማለት በሁለት ከፍተኛ ቦታዎች መካከል የሚገኝ ዝቅተኛ ቦታ ነው» ብሎ ቃል በቃል ሲወጣው ሰምቻለሁ። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው ወደ ወንጪት ገደል ነበር። «ሸለቆ አይተህ ታውቃለህን?» ብለው፣ «አላየሁም፤ በእኛ አገር የለም» ብሎ መለሰልኝ። በየቀኑ ፍየል የሚያሰማራበት ገደል በመጽሐፉ የተጻፈው ሸለቆ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

ልጁ ግን አላዋቂ አልነበረም። የመንዝና የግሼ ልጅ መሬትን በየስሙ መጥራት ያውቅበታል። አፋፉን ከገደሉ፣ ተረተሩን ከሸንተረሩ፣ አምባውን ከጉብታው፣ መስኩን ከረግረጉ ይለያል፤ በሬው የጠፋ ዕለት እነዚህን ቃላት ካላወቀ የት ብሎ ይፈልገዋል? ከወላጅ የሚጠበቀው ልጁ ያለውን ቃል ተቀብሎ፣ «ታዲያ ይህ ቦታ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ለዚህ የተማረ መሆን አያስፈልግም።

በማግሥቱ ወንድሜን አስፈቅጄ ልጅቱንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዤ፣ በሚያልፍ መኪና ተሳፍረን ወደ ጓሳ ወጣን። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ብርዳም ምድር ነው። ሣሩን ለቤት ክዳን እንጂ ለማንም ከብት እንዳሻው እንዳይለቀቅ የጥንት አባቶች በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሥርዓቱን ከ17ኛው መቶ ዓመት ከአስቦና ከገራ ዘመን ይጀምሩታል። ከምሥራቁ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት መሬቱ በድንገት ተቆርጦ እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል። ፊቱን ወደ ምዕራብ ላዞረ ግን አገሩ ቀስ እያለ እየተንጋለለ ይሄድና ወንዞቹ በቆረጡት ገደል ላይ ያበቃል።

«ሁለት የዝናብ ጠብታዎች በዚህ አፋፍ ላይ ጎን ለጎን ወደቁ እንበል» አልኋቸው። «አንዲቱ ወደ ምሥራቅ ተንከባለለች። እርሷ እንደ ጀውሃና እንደ ሮቢ ካሉት ወንዞች ጋር ወደ አዋሽ ትገባለች፤ አዋሽም አፋርን አቋርጦ አቤ በተባለው ሐይቅ ያልቃል፤ ባሕር አያይም። ሁለተኛይቱ ወደ ምዕራብ ወረደች። እርሷን ሞፈር ውሃ ወይም አዳባይ ወይም ወንጪት ይቀበላታል፤ ከዚያ ጀማ፣ ከጀማ አባይ፣ ከአባይ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ፣ በመጨረሻም ሜዲትራኒያን ባሕር።»

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና፣ «እኅትማማቾች ሆነው ሁለተኛ አይገናኙም ማለት ነው?» አለች። ትንሹ ወንድሟ ደግሞ ነገሩን በተግባር ለማየት ፈልጎ በያዘው ጠርሙስ ውስጥ ካለው ውሃ ግማሹን በወዲህ፣ ግማሹን በወዲያ አፈሰሰው፤ ስንመለስም መንገዱን ሁሉ በውሃ ጥም ሲያለቅስ መጣ። እኔ ግን ስለ ውሃ መለያ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያገኘ ልጅ አላውቅም።

አፋፉ እንዴት እንደ ተቆረጠ ለልጆች ማስረዳት አይከብድም። የመንዝን ምድር የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ እየወጣ፣ እየፈሰሰና እየረጋ የተከመረ ነው። ሊቃውንት የዚህን ድንጋይ አንዱን ወገን ጣርማ በር ብለው የሰየሙት በዚያው በእኛ በጣርማ በር ስም ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ የተሠራው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ የምሥራቁ ወገን ወደ ታች ሰመጠ፤ ስምጥ ሸለቆ የምንለውም ይህ ነው። ልጆቹ የሚቀመጡበት፣ ቤታቸው የተገነባበት፣ በግ የሚጠብቁበት ካብ ሁሉ ከዚያው ከረጋው እሳት የመጣ መሆኑን ስነግራቸው መካከለኛው ልጅ የቤቱን ግድግዳ በእጁ ዳሰሰ፤ አሁንም ይሞቅ እንደ ሆነ ለማወቅ ይመስለኛል።

ታዲያ መንዝ ጥቁር ድንጋይ ከሆነ ያ ነጭ ድንጋይ ከወዴት መጣ?

ማታ ራት ተበልቶ ሁላችንም እሳት ዳር ስንቀመጥ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የወንድሜ ሚስት ዛጎል የተሰፋበት፣ ከእናቷ የወረሰችው አሮጌ አገልግል ነበራት። ዛጎሉን ከድንጋዩ ላይ ካለው ቅርፊት ጋር አስተያየንና ልጆቹን፣ «ዛጎልን ማን አመጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ነጋዴ ከባሕር» አሉ። «ይህንንስ?» «እርሱንም ነጋዴ ጥሎት ይሆናል» አለ አንዱ። እኅቱ ግን፣ «በድንጋይ ልብ ውስጥ እንዴት አድርጎ ይጥለዋል?» ብላ መለሰችለት። እኔ ከምናገረው እርሷ የተናገረችው ይበልጣልና ዝም አልሁ።

ወንድሜ በዚህ ጊዜ፣ «ይህማ የጥፋት ውሃ ያመጣው ነው። በኖኅ ዘመን ውሃው ተራራውን ሁሉ ሸፍኖ የለምን? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለ።

ይህን ጥያቄ ብዙ የክርስቲያን ቤተ ሰብ ይጠይቀዋልና በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። አሳቡ የወንድሜ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ብዙ ዘመን እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። ከ500 ዓመት በፊት ሠዓሊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በኢጣሊያ ተራሮች ላይ እንዲህ ያሉ ዛጎሎችን መርምሮ፣ ቅርፊቶቹ በአንድ ንብር ብቻ ሳይሆን በብዙ ንብር ተደራርበው ስላገኛቸው አንድ ጊዜ የመጣ ውሃ ይህን ሊያደርግ አይችልም ብሎ ጻፈ። እኔም ለወንድሜ የሞሰቡን እንጀራ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ከእነዚህ እንጀራዎች ቀድሞ የተጋገረው የትኛው ነው?» ብለው «ከታች ያለው ነዋ» አለኝ። የአባይና የጀማ ሸለቆም እንዲሁ ነው። ወንዙ ምድሩን እንደ ቢላዋ ቆርጦ ንብሩን ሁሉ አሳይቶናል፤ ከለሚ አፋፍ ጀምሮ እስከ ጀማ ወንዝ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ሰው በየደረጃው ወደ ቀደመ ዘመን እየወረደ ነው ማለት ይቻላል።

ከላይ ጥቁሩ የእሳት ድንጋይ አለ። ከእርሱ በታች ወንዞች ያመጡት አሸዋና ጭቃ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ይገኛል። ከዚያ በታች ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህን አገር የሸፈነው ባሕር በወለሉ ላይ ያከማቸው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ የልጅቱም ድንጋይ የዚህ ወገን ነው። ብላንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ የጂኦሎጂ ሊቅ በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ ይህን ድንጋይ በትግራይ ባየ ጊዜ በአንታሎ ስም ጠራው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከእርሱም በታች፣ በጎሐ ጽዮን ቁልቁለት እንደሚታየው፣ ጀሶ አለ። ጀሶ ደግሞ የሚገኘው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲደርቅ ነው። ምድሩን ሞልቶ የሸፈነ ውሃ በዚያው ጊዜ ደርቆ ጀሶ ሊያወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ባሕሩ ብዙ ጊዜ እየመጣ፣ እየሸሸና እየደረቀ መኖሩን ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል።

መጽሐፍ ቅዱስ የኖኅን ታሪክ የሚነግረን ስለ ሰው ኃጢአትና ስለ እግዚአብሔር ምሕረት እንድናስተውል ነው፤ የድንጋይን ዕድሜ እንድንቆጥርበት የተሰጠን አይመስለኝም። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን በዕለተ ማክሰኞ ውሃው ተወስኖ የብሱ እንደ ተገለጠ የሚማር ልጅ፣ ዛሬ የምንረግጠው የብስ ቀድሞ የባሕር ወለል ነበር ቢባል ምን ያስደነግጠዋል? ልጁን ግን «እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅ» ብንለው፣ አድጎ እውነቱን ከሌላ ሰው የሰማ ዕለት እኛንም እምነታችንንም አብሮ ይጠረጥራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተቀበለኝም፤ እኔም አልገፋሁትም።

ልጆቹን ይበልጥ ያስደሰታቸው የጥርሱ ነገር ነበር። በዚያው በጀማ ሸለቆ፣ ከኖራው ድንጋይ በላይ ባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርሶችን፣ የኤሊና የዓሣ ቅሪቶችንም አግኝተዋል፤ ጥናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ታትሟል። ዳይኖሰሮች ከምድር ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። እንዲህ ያለ አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ነገር በድንጋይ ውስጥ ያየ ልጅ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ እንጂ ቆፍሮ ማውጣት አይገባውም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠብቀዋል። በነገራችን ላይ የኖራ ድንጋይ የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ ነው። በለሚ አጠገብ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ ፋብሪካም ያለ እርሱ አይሠራም፤ በየከተማው የሚቆመው ፎቅ ሁሉ ከዚያ ባሕር ቅርፊት ድርሻ አለው ማለት ነው።

ቅሪተ አካል እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት እርጥብ ጭቃ ላይ ዛጎሉን ተጭነን አነሣነው፤ በቀረው ጉድጓድም የቀለጠ ሰም አፈሰስን። ሰሙ ሲረጋ ሌላ ዛጎል ሆኖ ወጣ። አገልግሉ ግን ጭቃ ስለ ነካው የቤቱ እመቤት ተቆጣች፤ ወላጆች ከዚህ ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከወንድሜ ቤት አጥር በታች አንድ ቦረቦር አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ በአንድ እርምጃ የምንሻገረው ቦይ ነበር፤ ዛሬ በሬ ቢወድቅበት አይታይም። ስለ አፈር መሸርሸር ሰው ሁሉ ያወራል፤ ነገር ግን በዓይን ስለማይታይ ማንም አይደነግጥም። ሐንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ የታረሰ መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር ያጣል። ይህም ለእያንዳንዱ ሜትር ካሬ አራት ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ውፍረቱ ቢለካ ግን አንዲት እንጀራ ብቻ ነው። በዓመት አንዲት እንጀራ ማን ያስተውላል? ሠላሳ ዓመት ያረሰ ሰው ግን አንድ ሙሉ ሞሰብ አጥቷል። በእኛው አገር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ባለው በአንዲት ጥድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ ሁለት ወንዝ በተባለው ጅረት ላይ ውሃውና ደለሉ ሲለካ ኖሯል፤ ነገሩ በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም።

ለልጆቹ ሁለት አሮጌ የቆርቆሮ ዝርግ ሳሕኖች አመጣን። በአንደኛው ልቅ አፈር፣ በሁለተኛው ከነሥሩ የተነሣ ሣር አደረግን። ሁለቱንም አዘንብለን እኩል ውሃ በማንቆርቆሪያ አፈሰስንባቸው። ከልቁ አፈር የወጣው ውሃ ቡና መሰለ፤ ከሣሩ የወጣው ግን ጥቂትና ንጹሕ ነበር። ልጅቱ ጓሳን አስታውሳ፣ «ምንጮቹ ሁሉ ከዚያ የሚወጡት ለዚህ ነዋ!» አለች። ቀጥለንም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄደን ከጥዱ ሥር ያለውን አፈርና ከቅጥሩ ውጭ ያለውን የታረሰ መሬት አስተያየን። በቅጥሩ ጥግ ውስጡ ከውጭው ከጉልበት በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ልጆቹ ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተሠራ ይመስላቸው ነበር፤ እርሻው ዝቅ ማለቱን አላሰቡም ነበር።

ከመሄዴ በፊት ከቦረቦሩ አፍ እስከ ቤቱ አጥር ድረስ በአንድ በአንድ እርምጃ ርቀት ችካል እንዲተክሉ አደረግሁ። አሥራ አንድ ችካል ሆነ። ኩበት ለማገዶ እየነደደ ለእርሻው የሚመለስ ነገር እንደሌለ ወንድሜም ያውቃል፤ እንጨት በሌለበት በዚያ ብርድ ግን በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

ዘንድሮ ለጥምቀት ስመለስ የቀሩት ችካሎች ስምንት ነበሩ። ሦስቱ በክረምቱ ገደል ገብተዋል። ልጅቱ ቁጥሩን በደብተሯ ጽፋለች፤ ሁለቱ የወደቁት በነሐሴ በአንድ ሌሊት ነው። ከጀማ ተፋሰስ የሚወርደው ደለል ቀድሞ ሱዳን ደርሶ የሮዛሪስን ግድብ ሲሞላ ኖሮ፣ ዛሬ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በጉባው ግድብ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያርፍ ስነግራት፣ «የእኛ እርሻ ግድቡ ውስጥ አለ ማለት ነው» አለች።

በዚህ ጊዜ ካርታ መማር አለባት ብዬ ወሰንሁ። ከአዲስ አበባ ባለ 1፡50,000 የሆነ የአገሩን ካርታ ይዤላት መጥቼ ነበር። በዚህ ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር በምድር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት መስመሮችም በየ20 ሜትሩ ተሥለዋል። መስመሮቹን ለማስረዳት ትልቅ ድንች ለሁለት ከፍለን ግማሹን በገበታ ላይ ደፋነው፤ እርሱን ደግሞ በአግድም እኩል እኩል ቆርጠን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከትልቁ ጀምረን በወረቀት ላይ እያስቀመጥን በእርሳስ ዞርነው። ድንቹ ቀጥ ባለበት ወገን መስመሮቹ ተጠጋጉ፤ በተንጋለለበት ወገን ተራራቁ። ልጅቱ ወዲያው ካርታውን ተመልክታ የጀማን ገደል በጣቷ አሳየችኝ፤ መስመሮቹ እዚያ እንደ ድውር ተደራርበዋልና።

አቅጣጫውን ለመለየት ኮምፓስ አላስፈለገንም። የእኛ ልጅ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ መጸለይን፣ የቤተ ልሔሙም ቦታ በምሥራቅ መሆኑን ከሕፃንነቱ ያውቃል፤ እንዲህ ከቆመ ሰሜን በግራው፣ ደቡብ በቀኙ ነው። ካርታ መሣልም ለአባቶቻችን እንግዳ ሥራ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቬኒስ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኵሴ ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀውን ያገኘው የአገሩን ወንዞች፣ ተራሮችና ከተሞች በገዛ እጃቸው ሥለው ካሳዩት ኢትዮጵያውያን ካህናት መሆኑን ጽፎአል።

ልጅቱ እርሻውን በእርምጃ እየለካች፣ አሥር እርምጃውን አንድ ጣት አድርጋ ሁለት ቀን ሙሉ ሣለችው። ቤቱን፣ አጥሩን፣ የላይኛውን ማሳ፣ የጎረቤቱን የከብት መንገድ፣ ቦረቦሩንና ችካሎቹን አሰፈረች። ውሃ የሚሄድበትንም በሰማያዊ እርሳስ አሰመረች። ማታ ለአባቷ በእሳቱ ብርሃን ዘረጋችለት። ወንድሜ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ከቦረቦሩ አፍ ላይ ይገናኙ ነበር፤ አንደኛው የከብቱ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ወንድሜ ገብሱ እንዳይረግፍበት በየክረምቱ ቁልቁል የሚያወጣው ፈሰስ ነው።

«እንግዲያውስ ቤቴን ሊበላ የመጣውን ቦረቦር እኔ ነኝ የምቆፍረው ትያለሽ?» አላት።

ልጅቱ ፈርታ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም አልረዳኋትም።

«ካርታው ነው የሚለው፣ አባዬ» አለች።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ግን ለበልግ እርሻ ሞፈሩን ለማበጀት እንደሚወጣ ተናግሮ ተነሣ፤ ጥቂት ቆይቶም ከበሩ ላይ ተመልሶ፣ «እስኪ ያን ወረቀት አምጪው» አላት። እኔ መኪና ለመሳፈር ወደ መሐል ሜዳ ስጓዝ ከኮረብታው ላይ ዞር ብዬ አየሁ፤ ወንድሜና ጎረቤቱ በላይኛው ማሳ ላይ ቆመዋል፤ ልጅቱ በመካከላቸው ወረቀቱን ዘርግታ ይዛ በጣቷ ወደ አግድም ታሳያቸው ነበር።